ልብና ልማድ

አማርኛ ተናጋሪ ሰው የልብን ስም ሳይጠራ የሚውልበት ቀን የለም። ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ቅኑን ልበ ቀና፣ ዝንጉውን ልበ ቢስ እንላለን። መምህር ተማሪውን «ልብ አድርግ» ይለዋል፤ ያዘነ ሰው «ልቤ ተሰበረ» ይላል። እንዲህ በየነገሩ የምናነሣው ልብ ራሱ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጐዳውና ምን እንደሚያጠነክረው ብንጠየቅ ግን መልሱን በቶሎ የምናገኝ ጥቂቶች ነን።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሰውን በሃምሳ ዓመቱ የሚጥለው የልብ ሕመም በሃያ ዓመቱ ልማድ ይዘራል የሚል ነው። ተማሪ ከእናቱ ማዕድ ተለይቶ ምግቡንና ጊዜውን ራሱ ማዘዝ የሚጀምረው በእነዚህ ጥቂት የትምህርት ዓመታት ነው። በነዚህ ዓመታት የተያዘ አመል ደግሞ ከዲፕሎማው ጋር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ሳይሆን በቅድሚያ እኛን የሚመለከት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

1. የልብ ሥራ

ልብ የባለቤቱን ጡጫ የሚያህል፣ ውስጡ በአራት የተከፈለ ጡንቻ ነው። የቀኙ ወገን ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ የግራው ወገን ደግሞ ከሳንባ ንጹሕ አየር ይዞ የመጣውን ደም ተቀብሎ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር ያደርሰዋል። ደም በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የነበረው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ ጽፎት ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደግሞ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሚገፋው ደም እጅግ ብዙ ስለሆነ ያው ደም እየዞረ የሚመለስ መሆን አለበት ብሎ በሒሳብ አስረዳ።

ሒሳቡን እኛም ልንሠራው እንችላለን። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ቢመታ በቀን ከ100,000 ጊዜ በላይ መታ ማለት ነው። በደቂቃ የሚገፋው ደም 5 ሊትር ያህል ስለሆነ የቀኑ ድምር ከ7,000 ሊትር ያልፋል፤ ይህም 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል 35 ጊዜ ይሞላል። ልብ ይህን ሁሉ የሚሠራው ያለ እሑድና ያለ በዓል ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ደም በውስጡ እያለፈ፣ ልብ የራሱን ቀለብ ከዚያ በቀጥታ አይወስድም። የሚመገበው ከላዩ ላይ እንደ ሐረግ በተጠመጠሙ፣ ከእርሳስ በቀጠኑ የደም ሥሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢደፈን በርሱ ይመገብ የነበረው የልብ ሥጋ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይሞታል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የተደፈነው ወይም የፈነዳው የአንጎል የደም ሥር እንደ ሆነ ደግሞ ስትሮክ ይባላል።

2. ሕመሙ የሚጀምረው መቼ ነው?

አንድ ደልዳላ ሰው ከግብዣ መልስ ድንገት ወድቆ ሲሞት ሰፈሩ የየራሱን ምክንያት ይሰጣል። አንዱ «ዐይን በላው» ይላል፤ ሌላው «ምቀኛ መርዞት ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ሐኪሙ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሠላሳ ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። በደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል ሰም መሳይ ነገር አለ። ሰውነታችን ይፈልገዋል፤ ሲበዛ ግን ከደም ሥሩ ግድግዳ ሥር እየተከማቸ፣ በጀበና ውስጥ እንደሚጋገር ዝቃጭ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የሲጋራ ጢስና የስኳር በሽታ ግድግዳውን እያቈሰሉ ክምችቱን ያፋጥኑታል። አንድ ቀን የተከማቸው ነገር ይቀደዳል፤ በላዩ ደም ይረጋል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ይዘጋል። ሰውዬው ሕመም የተሰማው ዛሬ ይሁን እንጂ ሕመሙ የኖረው ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ነው።

ከምን ያህል ዓመት በፊት? ሐኪሞች በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 የአሜሪካ ወታደሮችን ልብ ከፍተው መርምረው ነበር። የወታደሮቹ አማካይ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። በ1953 በታተመው ውጤት መሠረት ከ100 ወታደር በ77ቱ የልብ ደም ሥሮች ውስጥ የሕመሙ ምልክት ተገኘ። እነዚህ በሽተኞች ተብለው የተለዩ ሰዎች አልነበሩም፤ ለውትድርና ብቁ ናቸው ተብለው ያለፉ ጐልማሶች ነበሩ። ዕድሜያቸውም የእኛው ዕድሜ ነበር።

«ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው» የሚል ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቍጥር ይህን አይደግፍም። በ2019 በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት 17.9 ሚሊዮን ሰዎች ያህል ሲሆኑ፣ ከአራቱ ሦስቱ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጐዳ፣ ከምግብ ጋር የማይገናኝ ሌላ የልብ ሕመም አለ። ይህም በልጅነት በስትሬፕቶኮከስ ተሕዋስ የተነሣ የጕሮሮ ቍስል በጊዜው ሳይታከም ሲቀር በሚመጣ ትኵሳት የልብን መዝጊያዎች የሚያበላሽ ነው። መከላከያው እንጥል ማስቈረጥ ሳይሆን በጊዜው በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ፔኒሲሊን ነው። ይህ ሕመም ያለበት ወይም በጥቂት ሥራ ትንፋሽ የሚያጥረው ተማሪ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማማከር አለበት።

3. ሾፌሩና ትኬት ቈራጩ

መቀመጥ ልብን ይጐዳልን? ይህን ጥያቄ በሚገባ የመረመረው ጄረሚ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች በዚያን ጊዜ ሁለት ሠራተኞች ነበሯቸው። ሾፌሩ የሥራ ሰዓቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ተቀምጦ ይውላል። ትኬት ቈራጩ ግን በቀን ከ500 የማያንስ የደረጃ እርከን ይወጣል። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ፣ በተቀራረበ ደመወዝ የሚኖሩ ናቸው። ሞሪስና ጓደኞቹ በ1953 እንዳስታወቁት የልብ ሕመም በትኬት ቈራጮቹ ላይ ከሾፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ቢይዛቸውም ዘግየት ብሎና ቀለል ብሎ ነበር። በእግራቸው ደብዳቤ የሚያድሉ የፖስታ ሠራተኞችም በወንበር ከሚውሉት ጸሓፊዎች ይሻሉ ነበር።

ተጠራጣሪ ተማሪ «ምናልባት ቀድሞውንም ወፍራሙ ሰው ሾፌርነትን መርጦ ይሆናል» ይል ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሞሪስም አልሸሸውም። የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ መዝገብ አስመርምሮ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆኑን ራሱ በ1956 አሳተመ። ስለዚህ የአውቶቡሱ ምርመራ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ምርመራዎች ወደዚያው ውጤት አደረሱ።

ከእነዚህም አንዱ ተማሪዎችን በቀጥታ የሚነካ ነው። ራልፍ ፓፈንባርገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ 17,000 ያህል ወንዶችን ሁኔታ ለብዙ ዓመታት ተከታተለ። በ1978 ያሳተመው ውጤት እንዲህ ይላል፤ በተማሪነቱ ዝነኛ ስፖርተኛ የነበረ ሰው ከተመረቀ በኋላ ከተቀመጠ የድሮው ዝናው ልቡን አልጠበቀለትም፤ በተማሪነቱ ስፖርት ያልነካው ሰው ግን በኋላ መንቀሳቀስን ልማድ ካደረገ ተጠቀመ። እንግዲህ ጤና እንደ ዲፕሎማ አንድ ጊዜ ተቀብለው በግድግዳ የሚሰቅሉት ነገር አይደለም፤ በየሳምንቱ የሚከፈል ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ልብ ጡንቻ ስለሆነ ሲሠራ ይጠነክራል። የጠነከረ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ በዕረፍት ጊዜ በዝግታ ይመታል። በደቂቃ 70 ይመታ የነበረ ልብ ወደ 60 ቢወርድ በቀን 14,400 ምት ዐረፈ ማለት ነው። በተጨማሪም እንቅስቃሴ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ ጡንቻዎችም ስኳርን ከደም እንዲወስዱ ያግዛል።

በ1960 አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ አገራችን በሯጮችዋ ትታወቃለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን የሯጮች አገር ልጅ መሆን የማንንም የደም ሥር አይጠርግም። ከመካከላችን በገጠር ያደገው ተማሪ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር፤ አሁን ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት ጥቂት መቶ እርምጃ ሄዶ ቀኑን በወንበር ይጨርሳል። ነገ ደግሞ ቢሮና መኪና ይጠብቁታል። ቦርጭም ሲያወጣ ዘመዶቹ «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይሉታል።

ሕመሙ በዘር የሚወሰን ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ምሳሌ ከወገኖቻችን ዘንድ አለ። በ1984 እና በ1985፣ ቀጥሎም በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል ሲደርሱ ሐኪሞች በብዛት ቀጫጭኖችና የደማቸው ኮሌስትሮል ዝቅተኛ ሆኖ አገኙአቸው። በዚያ አገር ኑሮና ምግብ ዓመታት ከቈዩ በኋላ ግን የስኳር በሽታና የደም ግፊት በመካከላቸው በረከተ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

4. ገበታችን

ስለ ልብ የሚበጅ ምግብ ሲነሣ ብዙ ሰው በውድ መደብር የሚሸጥ የባሕር ማዶ ነገር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከሐኪሞቹ ምክር አብዛኛው በድሮው ገበታችን ላይ ያለ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከነገለፈቱ ይፈጫል፤ ስለዚህ እንጀራው የእህሉን ሙሉ ጥቅም ይይዛል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ፕሮቲንና አሰር በብዛት ይሰጣሉ። ጐመንና ሌላውም አትክልት የደም ግፊትን ለመቀነስ ይረዳል። የኑግ፣ የሱፍና የተልባ ቅባት በብርድ የማይረጋው ዓይነት ስለሆነ ለደም ሥር ይሻላል። የረቡዕና የዓርብ ገበታ እንዲህ ያለ ነው።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ከቅባቱ ነው። በቤት ሙቀት የሚረጋ ቅባት፣ ማለት ቅቤ፣ ጮማና በገበያ «የሚረጋ ዘይት» የምንለው የፓልም ዘይት፣ በደም ውስጥ ያለውን ጐጂ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ከፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የዚህ ዓይነት ቅባት ነው። እንግዲህ የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ልብን አይጐዳም ማለት አይቻልም፤ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ጾምም ፍስክም ቢሆን ያው ነው። ከረጅም ጾም በኋላም በአንድ ሳምንት ክትፎና ጮማ ጾሙን ለመካስ መሞከር ደግ ልማድ አይደለም። ዶሮ ወጥ ይቅር የሚል የለም፤ የዓመት በዓል ምግብ የዓመት በዓል ሆኖ ይቈይ ነው የምንለው።

ሁለተኛው ጨው ነው። ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው ጨው ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በ2015 በአገራችን በተደረገው ምርመራ ሰው በአማካይ የሚወስደው ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ከወጡ ላይ የምንነሰንሰው ብቻ አይደለም፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣውና ዳቦው አስቀድመው ጨው ይዘው ይመጣሉ። ጨው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የደም ግፊት ደግሞ ያለ ሕመምና ያለ ምልክት ዓመታት ስለሚቈይ ባለቤቱ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይኖራል።

ሦስተኛው ስኳር ነው። በአንድ ተራ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ከ30 ግራም የማያንስ፣ ማለት ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር አለ። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ እያንዳንዱን በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ተማሪም ሳያውቀው አሥራ ሁለት ማንኪያ ጠጥቶ ይተኛል።

ገበታ ሊለወጥ ይችላልን? ይችላል። በፊንላንድ አገር ሰሜን ካሬሊያ በሚባለው አውራጃ ወንዶች በጐልማስነታቸው በልብ ሕመም እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ሕዝቡ ቅቤ፣ ወፍራም ወተት፣ ጨውና ሲጋራ ያበዛ ነበር። በ1971 የአውራጃው ሰዎች መንግሥታቸውን ርዳታ ጠየቁ፤ በ1972 ፔካ ፑስካ በሚባል ወጣት ሐኪም መሪነት ሥራው ተጀመረ። ሐኪሞቹ መድኃኒት ብቻ አላደሉም፤ ከባልትና ማኅበሮች ጋር እየሆኑ የየቤቱን ድስት ለወጡ፣ ጨዋማውን ምግብ አስቀነሱ፣ ሲጋራ አስተዉ። ከአርባ ዓመት በኋላ በሥራ ዕድሜ ባሉት ወንዶች መካከል በዚህ ሕመም የሚሞተው ቍጥር ከ80 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። አንድ አውራጃ አመሉን ለመለወጥ ከቻለ አንድ የምግብ አዳራሽ አያቅተውም።

5. የፈተና ሰሞን

የተማሪ ልብ ጠላቶች በፈተና ሰሞን ይሰበሰባሉ። ጫት በውስጡ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለው፤ የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የልብ የደም ሥሮችንም ሊያኰማትር ይችላል። ዘወትር የሚቅሙ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን የየመን ሐኪሞች ጽፈዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከጫቱ ጋር ሲጋራና ስኳር የበዛበት ሻይ ይከተሉታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰዓታት በመቀመጥ ያልፋሉ። እንዲህ ሆኖ የተገኘው ማርክ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሲጋራን በሚመለከት «በቀን ሁለት ብቻ» የሚለው ምክንያት አይረዳም። ጥቂት ሲጋራ እንኳ ልብን በእጅጉ ይጐዳል፤ ጐጂ ያልሆነ መጠን የለውም። በአገራችን በ2019 የወጣው አዋጅ ሕዝብ በሚገለገልባቸው የቤት ውስጥ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ መኝታ ቤታችን ግን ከአዋጁ ይልቅ የጓደኛን ተግሣጽ የሚሻ ይመስላል።

6. ምን እናድርግ?

ሀ) በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ወይም ይህን የመሰለ እንቅስቃሴ ይበቃል፤ ይህም በአምስት ቀን ለየቀኑ 30 ደቂቃ ነው። መጠኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም፤ እየሄዱ መነጋገር የሚቻል፣ መዝፈን ግን የማይቻል ከሆነ ልኩ ነው። ሩጫ የሚወድ በሳምንት 75 ደቂቃ ቢሮጥ ይተካከላል። ከቈላ ወደ ደጋ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ ብሎ ይጀምር።

ለ) በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ነገር ይደረግ። ለዚህ የመኝታ ቤት ወለል ይበቃል። ገመድ መዝለልና ደረጃ መውጣትም ገንዘብ አይጠይቁም።

ሐ) አንድ ሰዓት ተቀምጦ ያነበበ ሰው ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ። ያነበበውን ከጓደኛው ጋር እየተራመደ ቢጠያየቅ ሁለት ሥራ ይሠራል።

መ) በብስኩትና በለስላሳ ፈንታ ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን ይመረጥ። የጥንቱ የቆሎ ተማሪ ኑሮው መራራ ነበር፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ሆኖም ቆሎውንና የእግር መንገዱን ብቻ ከእርሱ ብንወርስ አንጐዳም።

ሠ) ወጡ ሳይቀመስ ጨው አይጨመር። የሻይ ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀነስ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል።

ረ) የደም ግፊት ይለካ። ከ120 በ80 በታች ደኅና ነው፤ በልዩ ልዩ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያስፈልጋል። ለበዓል ወደ ቤት ስንሄድ ወላጆቻችንንም ይዘናቸው ሐኪም ቤት እንሂድ። አንድ ሰው ደረቱን አጥብቆ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚወጣ ሕመም ሲሰማው፣ ወይም ፊቱ በአንድ ወገን ሲጣመም፣ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲወላገድ፣ «ይደር፣ ይሻለዋል» ሳይባል በዚያች ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሰ) ማኅበራችንም የድርሻውን ይሥራ። የምግብ አዳራሹ ጨው እንዲቀንስና አትክልት በየቀኑ እንዲያቀርብ፣ የተማሪዎች ክሊኒክ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የደም ግፊት እንዲለካ፣ የስፖርቱም ሜዳ ለቡድን ተጫዋቾች ብቻ ሳይሆን ለሁላችን ክፍት እንዲሆን ይጠይቅ።

«ጊዜ የለኝም» የሚል ተማሪ ይኖራል። በሳምንት ውስጥ 10,080 ደቂቃ አለ፤ የተጠየቀው 150 ነው። ቤተ ሰብና አገር አንድን ተማሪ እዚህ ለማድረስ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ከገቢያቸው ከፍለውበታል። ይህ ሰው ዕውቀቱና ልምዱ በበሰለበት በሃምሳ ዓመቱ ቢወድቅ፣ በርሱ እጅ የሚድነው በሽተኛ፣ የሚማረው ልጅና የሚሠራው ድልድይ አብረው ይቀራሉ። ሐኪም ወደፊት ሊያክመን ይችል ይሆናል፤ የዛሬውን ደረጃ በእግራችን መውጣት ግን ለማንም ውክልና የማንሰጠው ሥራ ነው።